ኑሩ ድንጋዬን ያጠበ ሰሞን

የካቲት 18፣ 2017

ኢቃማዬን፣ የሳዑዲ መኖሪያ ፈቃዴን፣ እስከ ግንቦት አጋማሽ አራዘሙልኝ። አልሐምዱሊላህ። ጂዛን ከተማ ካለው ቢሮ ወጥቼ መኪናው ውስጥ ገባሁና ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ሳምቡሳ ገዝቼ በላሁ።

ከግንቦት በኋላ ያለው የድንጋዩ ጉዳይ ነው። የዶክትሬቴ አማካሪ ፕሮፌሰሩ ቁርጡን ነግሮኛል፤ «ውጤት ካለሽ ትቀጥያለሽ፣ ከሌለሽ ቦታሽን ለሌላ ተማሪ እሰጣለሁ።» ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ብዙ ታግሶኛል። ግን ደሴ ተመልሼ፣ ዳውዶ ሰፈር እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ጎረቤት ሁሉ «ዶክተርነቱስ?» እያለ ሲጠይቀኝ ልዋል? ሞቼ ነው ቆሜ።

ማታ አሐድ አል-መሳርሐ ደረስኩ። የማንጎ እርሻው ባለቤት አቡ ሐምዛ በር ድረስ ወጥቶ «አህለን ያ ዶክቶራ» አለኝ። ገና አልሆንኩም ብለው አይሰማም።

የካቲት 24

ጾሙ ገባ። ክፍሌ ከዘይነባ ኩሽና ጀርባ ነው። ዘይነባ በአቡ ሐምዛ ቤት የምታበስል የባቲ ልጅ ናት፤ አፏ አያርፍም፣ እጇም አያርፍም። ዛሬ ሽንኩርት እየላጠች ያዘችኝ።

«እስኪ ንገሪኝ፣ ድንጋይ ቀብረሽ ምን ሊበቅልልሽ ነው?»

ነገርኳት። ጥቁሩ ድንጋይ ተፈጭቶ አፈር ውስጥ ሲገባ ውሃ ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ሲሟሟ ከአየር ላይ የተቃጠለውን አየር ይዞ ይቀራል፤ እግረ መንገዱንም ማንጎውን ይመግባል። ችግሩ፣ እየሟሟ ሳለ ላዩ ላይ ሽፋን ያወጣል። ከጉድጓዱ ውሃ ነጭ ኖራ፣ ከራሱ ብረት ቀይ ዝገት። ፕሮፌሰሩ «ሽፋኑ ድንጋዩን ይዘጋዋል፣ መሟሟቱ ያቆማል» ይላል። እኔ ደግሞ «ሽፋኑ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ውሃው ከሥሩ ይገባል» እላለሁ።

«ማንቆርቆሪያው ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ?»

«እንደሱ።»

«እሱን እኔ በሎሚ ነው የማስለቅቀው።»

ሎሚ ይዘሽ ከድንጋዬ አጠገብ እንዳላይሽ ብዬ አስጠነቀቅኳት። ሽፋኑ ነው ሥራዬ፣ ሽፋኑ ከተነካ አለቀልኝ አልኳት። እየሳቀች «ወላሂ አልነካም» አለች።

የካቲት 30

ከእርሻው ሠራተኞች የኔን ሥራ የሚያግዘኝ ኑሩ ነው። የሐርቡ ልጅ። በየመን በኩል ነው የመጣው። አል-ኹባ ድንበሩ ላይ ፍየል ሲጠብቅ ከርሞ እዚህ ገባ። ኢቃማ የለውም። በዕድሜ እኩያዬ ይመስለኛል፤ ቢሆንም «እታለም» ነው የሚለኝ፣ ዓይኔንም አያየኝም። አካፋ ሲይዝ ግን የሚያስቆመው የለም።

ዛሬ አብረን በየማንጎው ሥር ያሉትን ጉድጓዶች ዞርን። የፈጨሁት ድንጋይ በናይለን ወንፊት ከረጢት ተቋጥሮ ነው የተቀበረው፣ መንታ መንታ እየሆነ። አንዱ ዘንድሮ ይወጣል፣ መንታው ይቆያል። እርሻው አራት ቦታ የተለያየ ውሃ ስለሚጠጣ ከረጢቶቹን በሪባን ለይቻቸዋለሁ። ለኑሩ እንዲቀለው ብዬ ስም አወጣሁላቸው። ቀዩ የአቡ ሐምዛ፣ ነጩ የፕሮፌሰሩ፣ ቢጫው የዘይነባ፣ አረንጓዴው የኔ። ለቀልድ ያህል ነበር። እሱ አልሳቀም።

«እሺ እታለም። የማን የማን እንደሆነ ያዝኩ» አለኝ።

መጋቢት 6

ፕሮፌሰሩ ደውሎ ሲያበቃ ስልኩን መዝጋት ረሳው። አጠገቡ ለነበረ ሰው እንዲህ ሲል ሰማሁ፤ «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ድንጋዩ ግን ለብሶ ተኝቷል። ጊዜዋን ነው የምታባክን።»

ለብሶ ተኝቷል! ቀኑን ሙሉ ይችው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ዋለች። ለአፍጥር ሾርባው ጨው በዛ ብዬ ዘይነባን ተቆጣኋት። ጨው አልበዛም ነበር። እናቴ «ምላስሽ ካንቺ ቀድሞ ነው የሚነሳ» የምትለኝ እውነቷን ነው።

የሚያናድደኝ ሌላም አለ። ሽፋኑ ይዝጋ አይዝጋ ለማወቅ ሽፋኑን ከድንጋዩ ላይ ማውለቅ ያስፈልጋል፣ ድንጋዩ ሳይጎዳ። በአሲድ ላውልቅ ብል ድንጋዩንም ይበላዋል። በማሽን ላራግፍ ብል ይሰባበራል። ፕሮፌሰሩ እንዴት ልታደርጊ ነው ሲለኝ «አስቤበታለሁ» አልኩት። አላሰብኩበትም። ቢያንስ ከነሽፋኑ ይውጣልኝና ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል።

መጋቢት 13

ሙቀት። ጾም። እንቅልፍ የለም። ማንጎዎቹ ግን አምሮባቸዋል። አቡ ሐምዛ የመጀመሪያዋን ቢጫ ፍሬ ቆርጦ ላከልኝ፤ ለአፍጥር ከዘይነባ ጋር ተካፈልናት።

መጋቢት 17

ነገ ጂዛን ከተማ ሄጄ ጠርሙስና የተጣራ ውሃ አመጣለሁ፤ አድሬ እመለሳለሁ። ፕሮፌሰሩ ከኢድ በኋላ ይመጣል። ኑሩን «የዘንድሮዎቹን ከረጢቶች አውጥተህ ጥላ ሥር አስቀምጥልኝ» አልኩት።

«እንግዳው ሊያያቸው ነው?»

«አዎ፣ ለእንግዳው ነው።»

«አብሽሪ፣ ሐሳብ አይግባሽ» አለኝ።

ቸኩዬ ነበር። ሌላ ነገር የነገርኩት አይመስለኝም።

መጋቢት 19፣ ጁምዓ

አጠባቸው።

ሁሉንም። ገብስ እንደሚታሽ በመዳፉ አሽቶ፣ ውሃ እየቀያየረ። ሪባኖቹን ሳይቀር ፈትቶ አጥቦ ገመድ ላይ አስጥቷቸዋል። ከረጢቶቹ በየቆርቆሮው አፍ ላይ ተሰጥተዋል። ድንጋዩ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። አንድ ነጭ የለ፣ አንድ ቀይ የለ።

እሱ ቆሞ ፈገግ ይላል። «ለእንግዳ ጭቃ አይሰጥም፣ እታለም። ደግሞ ኢድ ነው።»

የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ጾመኛ ነበርኩ። መንገድ ውዬ ነበር።

መጋቢት 20

ኑሩ ለአፍጥር አልመጣም። ጥላ ሥር ሄጄ አየሁ፣ ቆርቆሮዎቹም ከረጢቶቹም የሉም። ደፍቷቸው ነው የሄደው። ይድፋቸው። የታጠበ ድንጋይ ምን ያደርግልኛል?

ለፕሮፌሰሩ ምን እንደምል ሳስብ ዋልኩ። መንታዎቹ መሬት ውስጥ አሉ፤ እነሱን ባወጣ እንኳ የማወዳድርበት የለኝም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያውንም አልነበረኝም።

መጋቢት 21፣ ኢድ

ዘይነባ ገንፎና ቅቤ አቀረበችልኝ። «ኢድ ሙባረክ» አለችና ወጣች። ሌላ ቃል የለም። ዘይነባ ዝም ካለች አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ በግድግዳው በኩል ለእህቷ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «በአንድ ስልክ ተርሒል አስገባሃለሁ አለችው። በረመዳን! ያገሯን ልጅ! የፍየል እረኛ ከድንጋይ ምን አገናኘው ብላ።»

አዎ፣ ብያለሁ። ሁለቱንም ብያለሁ። ተርሒል ማለት ምን እንደሆነ እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፤ ወረቀት የሌለውን ሰው ወደ ሀገሩ እስኪጭኑት የሚያጉሩበት ግቢ ነው። በስሙ ልጅ ይፈራል። ላደርገው አልነበረም፤ የማንንም ቁጥር አልያዝኩም። ግን እሱ ይህን በምን ያውቃል?

የኢዱ ገንፎ አልወርድ አለኝ።

መጋቢት 23

ወደ አል-ኹባ በሚወስደው መንገድ ላይ ደውሪያው፣ ተዘዋዋሪው ፖሊስ፣ ሠራተኛ የጫነ መኪና አቁሞ ሁሉንም ወሰዳቸው አሉ። የፖሊስ መኪኖቹን ዛሬ በዚህ በኩል ሲያልፉ እኔም አይቻለሁ። የኑሩ ስልክ ዝግ ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ። የምፈልገው ለሥራ ነው፤ ከረጢቶቹን የት እንዳደረሳቸው ለማወቅ።

አያ ጀማሉዲንን ጠየቅኳቸው። የእርሻው ሠራተኞች ሽማግሌ ናቸው፤ ኑሩ ከሳቸው ጋር ነበር አንድ ክፍል የሚያድረው። የባምያውን መስመር እየኮተኮቱ ነበር፤ ቀና አሉ።

«ለምንድነው የምትፈልጊው? ለሱ ነው ለድንጋይሽ?»

«ለድንጋዬ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ድንጋይሽ የፓምፑ ቤት ውስጥ አለልሽ። ሰውየውን ስትፈልጊ ደግሞ ንገሪኝ» ብለው ወደ ኩትኳቷቸው ተመለሱ።

ፊቴ ጋለ።

መጋቢት 23፣ ማታ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ፓምፑ ቤት ሄድኩ። ቆርቆሮዎቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፤ አንድ የቀለም ቆርቆሮ፣ አንድ የዘባዲ እርጎ ባልዲ፣ አንድ የተቆረጠ ጀሪካን፣ አንድ የተምር ጣሳ። ከረጢቶቹ በየአፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አይጥ እንዳይገባ ጨርቅ ለብሰዋል። አንዱን ከረጢት አነሳሁ። ከሥሩ፣ ቆርቆሮው ውስጥ፣ ጭቃ።

አልደፋውም። የመታጠቢያውን ውሃ አስቀምጦ፣ እስኪጠል ጠብቆ፣ የጠራውን ቀድቶ፣ አተላውን ትቶታል። በየዕቃው ለየብቻው። አንዱ ነጣ ያለ፣ አንዱ እንደ በርበሬ ቀይ። ሽፋኑ ነው! ሽፋኑ እዚህ፣ ድንጋዩ እዚህ። አሲድ አልነካው፣ ማሽን አልነካው። ስንት ወር እንዴት ላውልቀው ስል የነበረውን ነገር ሰውየው በመዳፉ አውልቆ፣ ለይቶ፣ ጨርቅ አልብሶ አስቀምጦልኛል።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ «ያ ረሂም» አልኩ። ከዚያ መልሼ ሳቅኩ። መንታዎቹ ከነሽፋናቸው መሬት ውስጥ አሉ። የተገፈፈውን ከለበሰው ጎን ለጎን ማወዳደር ይቻላል። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ሪባኖቹ ገመድ ላይ ናቸው። የትኛው ቆርቆሮ የየትኛው ጉድጓድ እንደሆነ የሚያውቀው ኑሩ ብቻ ነው።

መጋቢት 26

ከጭቃው ቀለም ልገምት ሞከርኩ። ቀዩ ጭቃ ምናልባት ከኩሬው በኩል ነው። ምናልባት። ሁለቱ ነጣ ያሉት ደግሞ አንድ ዓይነት ናቸው። ገምቼ ብጽፍ ማን ያውቅብኛል? ኑሩ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

የታወሰኝ ነገር አለ። ሎሚ እንዳትነኪ ብዬ ዘይነባን አስጠንቅቄያታለሁ። ቁጭ ብዬ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ሁሉን አስረድቻታለሁ። ድንጋዩን ለሚቀብርልኝና ለሚያወጣልኝ ሰው ግን አንዲት ቃል አልነገርኩትም። ይገባዋል ብዬ አላሰብኩም መሰለኝ። ይህን ስጽፍ ራሴን አላወቅኳትም።

መጋቢት 29

ዘይነባ ዛሬ አናገረችኝ፤ ባታናግረኝ ይሻል ነበር። «ተርሒል ውስጥ አንድ የሐርቡ ልጅ አለ አሉ» አለችኝ። ስሙን አልሰማችም። የሐርቡ ልጅ ስንት ነው እዚህ? ብዙ ነው። ብዙ ነው እያልኩ ዋልኩ።

አቡ ሐምዛን በዘዴ ጠየቅኩት። ትከሻውን ነቀነቀ፤ «ሠራተኛ ይመጣል፣ ይሄዳል» አለ።

መሥራት አልቻልኩም። ጠርሙሶቹን አጥቤ ደረደርኩ፤ መልሼ አጠብኳቸው።

ሚያዝያ 1

አያ ጀማሉዲን ለዙህር ስግደት እየታጠቡ ውዱእ ሲያደርጉ ጠብቄ ሄድኩ። እስኪጨርሱ ቆምኩ።

«አያ ጀማሉዲን፣ ሰውየውን ነው የምፈልገው።»

«ድንጋይሽስ?»

«ድንጋዩ ቢቀር ይቅር። ተርሒል መግባት አለመግባቱን ብቻ ይንገሩኝ።»

እግራቸውን ቀስ ብለው አበሱ። ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ከኪሳቸው ስልክ አወጡ። «ባይሽ የሚባል ከተማ አጠገብ ነው ያለው። እርሻ ላይ። ደህና ነው» አሉኝ።

እዚያው ቦዩ ዳር ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ፤ እሳቸው ወደ ሌላ አዩልኝ። ሲወጣልኝ «ከመቼ ጀምሮ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ከኢዱ ዋዜማ ጀምሮ።»

«ታዲያ ስቃጠል ዝም ይሉኛል?»

«ምን ላድርግ? በስልክ አስገባሃለሁ ያለውን ሰው አድራሻ ለባለ ስልኳ እሰጣለሁ?»

ልክ ናቸው። ሰግደው ተመለሱና ደወሉልኝ። ኑሩ አነሳ፤ ድምፁ ያው ነው። «እታለም፣ ኢድ ሙባረክ። ጤናሽስ?» ይላል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። እኔ ተንተባተብኩ። ቆርቆሮዎቹን አገኘኋቸው አልኩት። የትኛው የማን ነው አልኩት። ምንም ሳያስብ አወረደው።

«የአቡ ሐምዛ በዘባዲው ባልዲ። የእንግዳው በተምሩ ጣሳ። የዘይነባ በጀሪካኑ። ያንቺ በቀለም ቆርቆሮው።»

«ለምን ለየብቻ አጠብካቸው?»

«የአራት ሰው ነው አልሽኝ አይደል? የሰው ሐቅ በአንድ ዕቃ ይታጠባል እንዴ? ቢቀላቀልስ?»

«ጭቃውንስ ለምን አልደፋኸውም?»

«ከሰው ከረጢት የወጣ አይደል? ባለቤቱ ሳይፈቅድ እንዴት እደፋዋለሁ? አማና ነው፣ አደራ።»

አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልለው አፌ ድረስ መጣ። ያወጣሁት ግን «ውሃውን ስንት ጊዜ ቀያየርከው?» የሚል ነው። እሱም ነገረኝ። ከዚያ ደህና ሁኚ አለኝና ዘጋ።

እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሚያዝያ 2

ሪባኖቹን መልሼ አሰርኩ። አያ ጀማሉዲን ከመንታዎቹ ለማወዳደሪያ የሚበቃውን አወጡልኝ፤ የቀሩት እስከ ግንቦት ይቆያሉ። «ይታጠብ?» አሉኝ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። እየቀለዱብኝ ነው። ደስ አለኝ።

ሚያዝያ 9

ጠርሙሶቹ ተደርድረዋል። በአንዱ በኩል የተገፈፈው ድንጋይ፣ በሌላው ከነሽፋኑ። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ያልፍባቸዋል። ያለፈውን ውሃ እቀበልና መድኃኒቱን ጠብ አደርግበታለሁ፤ ከድንጋዩ የሟሟ ነገር ካለ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል። ብዙ ከሟሟ ጠቆር ይላል። ሽፋኑ የሚዘጋ ቢሆን የለበሰው ገርጥቶ፣ የተገፈፈው ጠቁሮ መታየት አለበት።

ዘይነባ በር ላይ ቆማ ታያለች። «ምን ሆነ?»

«ገና ነው።»

«እኔ ሁሉም አንድ ነው የሚመስለኝ።»

እኔም እንደዚያው ነው የሚመስለኝ፤ ግን ዓይኔን አላምነውም። የቀለም መለኪያዋ ላይ እስካየው አልናገርም።

ሚያዝያ 12

አንድ ናቸው!

የአቡ ሐምዛ አንድ ነው። የዘይነባ አንድ ነው። የፕሮፌሰሩም አንድ ነው። ከነሽፋኑም ያለ ሽፋኑም እኩል ይሟሟል። ድንጋዩ አልተኛም፤ ለብሶም ይሠራል። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ለምን እንደሆነም በእጄ ይዤዋለሁ፤ በመዳፍ ታሽቶ የሚለቅ ሽፋን ምን ሊዘጋ ነው? ላላ ያለ ነው። ውሃ እንደልቡ ይገባበታል።

እምቢ ያለኝ አንዱ ብቻ ነው፣ አረንጓዴው። እሱ ከኩሬው ደለል የሚጠጣው ነው፤ ሽፋኑ ቀይ ነው፣ በመዳፍ ቢለቅም ጥቅጥቅ ያለ፤ ሲገፈፍ በደንብ ጠቆረ። እዚያ ሽፋኑ ይዘጋል፣ ባይዘጋም ያዘገያል። እንግዲህ የፕሮፌሰሩ ከረጢት ለኔ መሰከረ፤ የኔው ደግሞ ለሱ። ዘይነባ ይህን ስነግራት ሽንኩርቷን ጥላ ሳቀች።

«የኔስ?» አለች።

«ያንቺ ከኔ ጋር ነው።»

«ድሮስ» አለች። ታርቀናል መሰለኝ።

ሚያዝያ 18

ፕሮፌሰሩ መጣ። ጠርሙሶቹን አየ፣ ቁጥሮቹን አየ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። አረንጓዴውን ከሁሉ አብልጦ ወደደው፤ «አየሽ፣ ይሄኛው ለብሶ ተኝቷል» አለኝ። አንዱን እንኳ ለሱ ይሁን።

ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «ድንጋዩን ሳትጎጂ ሽፋኑን እንዴት አወለቅሽው?»

«አንድ ሰው በመዳፉ አሸው። በውሃ ብቻ።»

«ማን ነው? ጽሑፉ ላይ ስሙን ጠቅሰን እናመሰግነዋለን።»

ወረቀት የሌለውን ሰው ስም የት ነው የምጽፈው? «ጠይቄው እነግርሃለሁ» አልኩት።

ሊወጣ ሲል «ለዓመትም አለሽ። ወረቀትሽን አስገቢ» አለኝ። አቡ ሐምዛ ከበሩ ላይ «አላልኩሽም፣ ያ ዶክቶራ?» አለ። ምንም አላለኝም ነበር፤ ግን አዎ አልኩት። እናቴ ጋ ደወልኩ። ከኔ በፊት እሷ አለቀሰች።

አሁን ሁሉም ነገር መልካም ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል።

ሚያዝያ 20

አያ ጀማሉዲንን ለምኜ እንደገና አስደወልኳቸው። በዚህ ጊዜ አልተንተባተብኩም። «ኑሩ፣ የማንም ቁጥር የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። ያልኩህን ማለት አልነበረብኝም። ና ልልህ አልችልም፤ መንገዱ ያንተ ነው፣ አደጋውም ያንተ ነው። ድንጋዩ ግን በአንተ እጅ ነው የዳነው» አልኩት። ስለ ሽፋኑም አስረዳሁት፤ ለዘይነባ እንዳስረዳኋት፣ ከመጀመሪያው።

ከዚያ «እንዲያ ከሆነ አጥፍቻለኋ» አለ።

«አላጠፋህም።»

«ብትነግሪኝ እኮ አላጥበውም ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩት። ስሙን በጽሑፉ ላይ ስለመጥቀስም ጠየቅኩት። «ስሜን ተዪው፤ ዱዓ አድርጉልኝ» አለኝ።

ግንቦት 3

ማንጎው እየተለቀመ ነው፣ ግቢው ሁሉ በሣጥን ተሞልቷል። አዲሱ ኢቃማዬ ደረሰኝ። መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ፤ ለማንም ላሳየው አልፈለግኩም።

የመጨረሻዎቹ መንታዎች ዛሬ መውጣት ነበረባቸው። አካፋውን ይዤ ወደ ኩሬው በኩል ስሄድ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ደረስኩ። ኑሩ ነው። እንዴት እንደመጣ አልጠየቅኩም፣ ባውቅም እዚህ አልጽፍም። ከስቷል። የለበሰው ለኢድ የሚለበስ ነጭ ጀለቢያ ነው፤ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ግን ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ከረጢቱን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ታቅፎታል። ቀይ ውሃ ይንጠባጠብበታል።

«እታለም፣ አላጠብኩትም» አለኝ። «እኔም እጄን አልታጠብኩም፣ ከሱ የተረፈ እንዳይሄድ ብዬ።»

አካፋውን መሬት ላይ ጣልኩ። ይችን ቃል በጉሮሮዬ ይዣት ስዞር ከርሜያለሁ።

«ኑሩ፣ አውፍ በለኝ።»

ግራ እንደገባው አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። «እሱንማ ያኔውኑ ብዬሻለሁ። ቂም ይዤ ኢድ እሰግዳለሁ እንዴ?»

«አውፍ ካልከኝ ታዲያ ለምን ሄድክ?»

«ስለፈራሁሽ ነዋ።»

እንዲሁ ነው ያለኝ፣ ቀን መሸ እንደሚል ሰው። ስንት ቀን ይቅር ይለኝ ይሆን እያልኩ ስቃጠል፣ እሱ ይቅርታውን ሰጥቶኝ፣ ፍርሃቱን ብቻ ተሸክሞ ነው ባይሽ ድረስ የሄደው።

«አሁንስ ትፈራኛለህ?»

አሰበበት። ሊያስደስተኝ ብሎ አልዋሸኝም። «ትንሽ» አለ።

ከረጢቱን ተቀበልኩት። እጄም ቀሚሴም ቀላ። ዘይነባ ከኩሽናው በር ሆና አየችን። «ያ ረሂም! ይኼንን ሁሉ ደግሞ ማን ሊያጥበው ነው?» አለች።

ሁለታችንም እኩል «እንዳትነኪው» አልናት።